የማያም የመንጋጋ እብጠት፦ “ጥርስ ነው” ብላችሁ አትለፉት

 

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ “ዶክተር፣ መንጋጋዬ ላይ እብጠት አለኝ፤ አያመኝም፤ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልውሰድ?” መልሱ በአንድ መስመር አያልቅም። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ልጆች ያላችሁ፣ ቆላ አካባቢ የምትኖሩ እና ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ባልደረቦቼ።

በራሴ ስህተት ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ነው፣ እዚሁ ጉባ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከእናቱ ጋር መጣ። (ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) በግራ በኩል፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ የመንጋጋው ማዕዘን ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አለ። ትኩሳት የለውም፣ አፉን በደንብ ይከፍታል፣ ይበላል ይጠጣል። እናቱ “ጥርሱ ነው ዶክተር፣ ቅርንፉድ አስይዤው ነበር” አሉኝ። ወቅቱ የወባ ወቅት ነው፤ ደጅ ላይ ትኩሳት የያዛቸው ሕጻናት ተሰልፈዋል። አፉን በችኮላ አየሁና አሞክሳሲሊን እና ሜትሮኒዳዞል የ7 ቀን ጽፌ ሸኘሁት።

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። “መድኃኒቱ ሻል አድርጎኝ ነበር፣ ግን አልጠፋም” አለኝ። እብጠቱ ያን ያህል አላደገም፤ የለውዝ ፍሬ ቢያህል ነው። በዚህኛው ቀን ግን ያኔ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በግራ በኩል ከታች የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ የለም።

“ተነቅሎልህ ያውቃል?”

“ኧረ በጭራሽ። መች በቀለና?”

በቀኝ በኩል ያለው በቅሏል። የግራው የት ሄደ? ራጅ እንዲነሳ ላክሁት። ፊልሙን ይዞ ሲመጣ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ከሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ጀምሮ ወደ ጆሮው ሥር እስከሚወጣው አጥንት ድረስ መሃሉ ጥቁር ነው፣ ባዶ። የጠፋው ጥርስ ከቦታው ተገፍቶ ወደ ላይ ሄዷል። ከውጭ ለውዝ የምታህል እብጠት፣ ከውስጥ የተቦረቦረ ግማሽ መንጋጋ።

የልጁን መጨረሻ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ።

ሲስት ምንድን ነው? ለምንስ መንጋጋ ላይ ይበዛል?

ሲስት ማለት ውስጡ ፈሳሽ ወይም ለስላሳ ነገር የያዘ፣ የራሱ ግድግዳ ያለው ከረጢት ነው። ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ እንደ መንጋጋ ሲስት የሚበዛበት የለም። ምክንያቱ ጥርስ ነው። ጥርሶቻችን ገና ሲሠሩ ሥራውን የሚያከናውኑ ሴሎች አሉ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አይጠፉም፤ ጥቂቶቹ በአጥንቱና በድዱ ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ። አንድ ቀን የሆነ ነገር ሲቀሰቅሳቸው ይራቡና ከረጢት ይሠራሉ። ከረጢቱ ከዙሪያው ውኃ እየሳበ ቀስ ብሎ ይሰፋል፤ ሲሰፋም አጥንቱ እየሳሳ ቦታ ይለቅለታል።

አብዛኛው ሲስት የማያመው በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ነው። ሕመም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከረጢቱ ሲመረቅዝ ነው። አንቲባዮቲክ ስትወስዱ ምርቀዛው ይበርዳል፣ እብጠቱም ትንሽ ይቀንሳል፣ “ተሻለኝ” ትላላችሁ። ከረጢቱ ግን እዚያው ነው። ሲስትን የሚያጠፋ አንቲባዮቲክ የለም። የኔ ታካሚ “ሻል አድርጎኝ ነበር” ያለው ለዚህ ነው፤ እኔንም እሱንም አዘናግቶናል።

የተለመዱት የትኞቹ ናቸው?

1. በሞተ ጥርስ ሥር የሚወጣው፦ ከመንጋጋ ሲስቶች ከግማሽ በላዩን ይይዛል። ተቦርቡሮ የቆየ ወይም በምት የሞተ ጥርስ ሥር ላይ ይበቅላል። ስሙ ራዲኩላር ሲስት ነው።

2. ባልበቀለ ጥርስ ዙሪያ የሚወጣው፦ ጥርሱ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር አናቱን ከቦ ይይዛል። የመጨረሻው የታች መንጋጋ ጥርስ እና የላይኛው ክራንቻ ላይ ይበዛል። ዴንቲጀረስ ሲስት ይባላል።

3. ኦዶንቶጀኒክ ኬራቶሲስት፦ ከ10 የመንጋጋ ሲስቶች 1 ያህሉ ነው። ጸባዩ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሌላው ሲስት ሲያድግ አጥንቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ፊት ያብጣል፣ ሰው ቶሎ ያያል። ይሄኛው በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ወደ ርዝመት ይሄዳል። ምስጥ የበላውን ምሰሶ አስቡ፤ ቆሞ ታዩታላችሁ፣ ሲደገፉት ይወድቃል። አንዳንድ ሰው በሽታው የሚታወቅለት ጠንካራ ነገር ሲያኝክ መንጋጋው ሲሰበር ነው።

ብርቅ የሆኑትስ?

እነዚህን ሐኪም በሙሉ የሥራ ዘመኑ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያይ ነው። ግን ስማቸውን ካላወቅን አናስባቸውም፤ ካላሰብናቸው ደግሞ አናገኛቸውም።

ግላንዱላር ኦዶንቶጀኒክ ሲስት። ከ100 የመንጋጋ ሲስቶች 1 እንኳ አይሞላም። በጤና መጽሔት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን የገለጹትም የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ናቸው። በብዛት በጎልማሶች ላይ፣ የታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት አካባቢ ይወጣል። አስቸጋሪነቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የምራቅ እጢ ካንሰር መምሰሉ ነው። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ፓቶሎጂስቱም ሊቸገር ይችላል።

ካልሲፋይንግ ኦዶንቶጀኒክ ሲስት። አሜሪካዊው ሮበርት ጎርሊን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 የገለጹት ነው። ግድግዳው ውስጥ ኖራ የሚመስል ነገር ስለሚጠራቀም ራጅ ላይ በጥቁሩ መሃል ነጫጭ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል።

ቀላል የአጥንት ሲስት። ብዙ ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ላይ ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሳ በአጋጣሚ ይገኛል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከረጢትም የለውም፤ ባዶ ጉድጓድ ነው። ጥቁሩ ቦታ በጥርሶቹ ሥር መሃል ገባ ወጣ እያለ ይሄዳል፣ ጥርሶቹ ግን ሕያው ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህና ጥርስ ይነቅላል።

ጎርሊን ሲንድሮም። በአንድ ልጅ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ኬራቶሲስት ከተገኘ መንጋጋውን ብቻ አይታችሁ አታቁሙ። በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊሆን ይችላል። መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ የደረት ራጅ ላይ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ የጎድን አጥንት፣ ሰፋ ያለ ግንባር ሊኖር ይችላል። መጽሐፎቹ በመጀመሪያ የሚያነሱት የቆዳ ካንሰር በእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ላይ ያን ያህል ስለማይበዛ እሱን እየጠበቁ መዘናጋት አያስፈልግም። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነውና እህት ወንድሞቹም ይታዩ።

ሲስት የሚመስሉ፣ ግን ሲስት ያልሆኑ

አሜሎብላስቶማ። ከዚያው ከጥርስ ሠሪ ሴሎች የሚነሳ እጢ ነው፤ በአፍሪካ ከሚታዩ የመንጋጋ እጢዎች ውስጥ ዋነኛው ነው። ወደ ሌላ አካል የሚሰራጨው እምብዛም ነው፤ እዚያው ያለውን አጥንት ግን እየበላ ይቀጥላል። አንደኛው ዓይነቱ ራጅ ላይ ባልበቀለ ጥርስ ዙሪያ ካለ ሲስት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በዓይን ብቻ የሚለያቸው ሰው የለም፤ የሚለያቸው ናሙና ነው።

የደም ሥር ችግር። አንዳንዱ የአጥንት ውስጥ ጥቁር ቦታ በደም ሥር የተሞላ ነው። በላዩ ያለው ጥርስ ከተነቀለ ለማቆም የሚያስቸግር፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ይከተላል። ጥርሱን በጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ የሚል፣ እብጠቱ የልብ ምት ያለው ከሆነ ማንም እንዳይነካው።

በርኪት ሊምፎማ። ወላጆች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

ዴኒስ በርኪት ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መንጋጋው በበርካታ ቦታ ያበጠ ሕጻን አየ፤ ሌሎችንም ፈልጎ እ.ኤ.አ. በ1958 በሽታውን ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመኪና አገር ለአገር እየዞረ “እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?” እያለ ሆስፒታሎችን ጠየቀ። በሽታው ሞቃትና ዝናብ ያለበት ቆላ ላይ ይበዛል፣ ደጋ ላይ የለም ማለት ይቻላል። የወባ ካርታን ተከትሎ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ኤፕስታይን፣ አቾንግ እና ባር እጢው ውስጥ ዛሬ ኤፕስታይን ባር የምንለውን ቫይረስ አገኙ። ይህ ቫይረስ አብዛኞቻችን ውስጥ አለ፤ ምንም አያደርገንም። ወባ የሚደጋገምበት ልጅ ግን ቫይረሱን የሚቆጣጠርበት አቅሙ ይዳከማል።

ጉባ ቆላ ነው። ወባ አለ። ስለዚህ እዚህ የምንሠራ ሰዎች በልጅ ላይ የመንጋጋ እብጠት ስናይ ይህንን በሽታ ማሰብ ግዴታችን ነው። ወባ የያዘው ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አትደንግጡ። ግን ምልክቱን እወቁ፦ በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ እብጠት፣ ያለ ጊዜው የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይን፣ የሚነፋ ሆድ። ይህ ልጅ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሪፈር ይጻፍለት። ከሰው ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ በዚያው ልክ ቶሎ ከተጀመረለት ለካንሰር መድኃኒት በጣም ይታዘዛል። የሚድነው በመድኃኒት እንጂ በቢላ አይደለም።

“ጆሮ ደግፍ ይሆን እንዴ?” የምትሉኝ አላችሁ። ጆሮ ደግፍ ትኩሳት አለው፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን ይይዛል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ፣ በአንድ ጎን ብቻ ያለ፣ ሲነኩት እንደ አጥንት የሚጠነክር እብጠት ጆሮ ደግፍ አይደለም።

ምርመራው እንዴት ይሄዳል?

አንደኛ፣ ታሪክ። መቼ ጀመረ? በሳምንት፣ በወር ወይስ በዓመት? ጥርስ ተነቅሏል? ምት ነበር? አፍ ውስጥ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ ይመጣል? የታችኛው ከንፈር ደንዝዟል? ያለ ምት፣ ያለ ጥርስ ነቀላ የሚመጣ የከንፈር መደንዘዝ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ ዓይን እና ጣት። ጥርስ ይቆጠር። አዋቂ ሰው የመጨረሻዎቹን አራቱን ጨምሮ 32 አለው፤ የጎደለ ካለ “የት ሄደ?” ብሎ መጠየቅ ነው። እብጠቱ ሲጫኑት እንደ እንቁላል ቅርፊት ከሸሸ ወይም ከተንኮሻኮሸ አጥንቱ በጣም ሳስቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥርሱ ሕያው ነው ወይ? ጥርሱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይደረጋል። ሕያው ጥርስ ይሰማዋል፣ የሞተ አይሰማውም። ይህች ቀላል ምርመራ በሞተ ጥርስ ሥር ያለውን ሲስት ከሌሎቹ ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ትሰጣለች።

አራተኛ፣ ራጅ። የተሻለው ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ነው፤ ኦፒጂ ይባላል። ከሌለ ተራው የመንጋጋ ራጅ ከምንም ይሻላል፤ የኔን ታካሚ ያተረፈው እሱ ነው። የምናየው ቦታውን፣ ጠርዙ ጥርት ማለቱን፣ አንድ ክፍል ወይስ ብዙ ክፍል መሆኑን፣ ከጥርሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ጠርዙ የተሰባበረና የደበዘዘ ከሆነ ካንሰርን ወይም ጥልቅ ኢንፌክሽንን እንጠረጥራለን። ትልቅ ለሆነው ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ በመርፌ መሳብ። ከቢላ በፊት መርፌ! ገለባ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ከመጣ ተራ ሲስት ሊሆን ይችላል። እንደ አይብ ነጣ ያለ ወፍራም ነገር ከመጣ ኬራቶሲስትን ያስጠረጥራል። ምንም ካልመጣ ጠጣር እጢ ወይም ባዶ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። መርፌውን እየገፋ የሚመጣ ደማቅ ቀይ ደም ከሆነ እዚያው ቁም፤ አትቁረጥ፣ ጥርስ አትንቀል፣ ሪፈር ጻፍ።

ስድስተኛ፣ ባዮፕሲ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፓቶሎጂስቱ ነው። እስካሁን ያልነው ሁሉ ጥርጣሬ ነው።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ

ኦፒጂ የለንም፣ የመንጋጋ ሐኪም የለንም፤ አውቃለሁ። ግን ጣት፣ መብራት፣ ስልክ እና ወረቀት አለን። የራጁን ፊልም ብርሃን ላይ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት፤ ፊልም ይጠፋል፣ ይጫጫራል። ሪፈሩ ላይ “የጥርስ ችግር” ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው ጥርስ እንደጎደለ፣ ከንፈሩ ይሰማው እንደሆነ ጻፉ። አማርኛ በደንብ የማይናገር የጉሙዝ ታካሚ ሲመጣ አስተርጓሚ ሳትይዙ ታሪክ አትውሰዱ፤ “መቼ ጀመረህ?” የሚለው መልስ ነው ሳምንትን ከዓመት የሚለየው።

ከመንጋጋ የወጣ ማንኛውም ሥጋ ወደ ቆሻሻ አይሂድ! 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ሆኖ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ይላክ። ስንት ሰው ነው “ተቆርጦ ወጥቶልኝ ነበር፣ ደግሞ መጣ” እያለ የሚመጣው? “ምርመራው ምን አለ?” ስትሉት ምርመራ የለም።

ለሁላችሁም፦ እነዚህን አታድርጉ

1. እብጠቱን አታስተኩሱ፣ አታስበጡ፣ በመርፌ አትውጉ።
2. ያለ ምርመራ አንቲባዮቲክ ደጋግማችሁ አትግዙ። አንድ ዙር ወስዳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ካለ፣ ቀጣዩ ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ራጅ ነው።
3. የሕጻናትን የወተት ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ አታስወጡ። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ይጎዳል፣ ልጁም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል።
4. “አያመኝም” ብላችሁ አትቀመጡ።

የት እንሂድ?

ጉባ፣ ማንኩሽ አካባቢ ያላችሁ በማምቡክ፣ በግልገል በለስ አድርጋችሁ ፓዌ ጠቅላላ ሆስፒታል መድረስ ትችላላችሁ። ወደ አሶሳ የሚቀርባችሁ ደግሞ አሶሳ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ካስፈለገ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሕክምና ይታወቃል። በርኪት የተጠረጠረበት ልጅ ጥቁር አንበሳ የሕጻናት ካንሰር ክፍል ይታከማል። ሪፈር ወረቀታችሁንና የጤና መድን ካርዳችሁን ሳትይዙ አትነሱ።

ልጁስ?

በመርፌ ስስብለት እንደ አይብ ያለ ነገር ወጣ። ሪፈር ጻፍኩለት፣ እነሱም ባዮፕሲ ሠሩ። ኬራቶሲስት ነበር። ከረጢቱ ወጣ፣ ዙሪያው ያለው አጥንትም በመሣሪያ ተፋቀለት። መንጋጋው አልተሰበረም፣ ከንፈሩም አልደነዘዘም። እኔ ግን እነዚያን አምስት ወራት አልረሳቸውም።

ነገሩ እዚህ ላይ አላለቀም። ኬራቶሲስት ተመላላሽ ነው። ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስለሆነ ሲወጣ ይቀደዳል፤ አጠገቡም ትንንሽ ልጆች ከረጢቶች ይተዋል። ከረጢቱ ብቻ ወጥቶ ሌላ ሳይጨመርበት ከቀረ ከ4 ታካሚዎች 1 ያህሉ ላይ ይመለሳል። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቢሆንም ከ10 ዓመት በኋላ የመጣም አለ። ስለዚህ በየዓመቱ ራጅ ያስፈልጋል።

ይህን ስነግራቸው እናቱ ተቆጡ። “ድኗል አይደል እንዴ ዶክተር? ካላመመው ለምን ያን ሁሉ መንገድ ይመላለሳል?”

“እማማ፣ መጀመሪያም አላመመውም ነበር እኮ” አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ “እውነትክን ነው” ብለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስቀል በኋላ አልናቸው። ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ፤ በየዓመቱ ያን ሰሞን እደውልላቸዋለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በባትሪ ወይም በስልክ መብራት መስታወት ፊት ቁሙና ጥርሳችሁን ቁጠሩ፤ መንጋጋችሁን በሁለቱም እጅ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ዳሱ። የልጆቻችሁንም እዩ። የተለየ ነገር ካገኛችሁ ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው፣ በተለይ ገጠር ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!